እውነት ወይስ ተረት? ማዳበሪያው፣ ችግኙ፣ መረቡ

ሰኔ ግም ሲል የግብርና ወሬ ይበዛል። ማዳበሪያ ገባ፣ አልገባም፤ ዘንድሮ ስንት ችግኝ ይተከላል፤ ለእነ እገሌ ማኅበር ጀልባ ተሰጠ። በታክሲ፣ በለቅሶ ድንኳን፣ በቡና ላይ ይወራል። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ከምሰማው ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት ነው። ተረቱን እንደ ዋዛ ልናየው አንችልም፤ በጀት የሚመደበው፣ መኪናም የሚጫነው በእርሱ ጭምር ነውና።

የተረቶቹ ሥር ደግሞ አንድ ይመስለኛል። መንግሥት ለእርሻው፣ ለደኑና ለዓሣው ያደረገውን ድጋፍ የምንቆጥረው ከእጅ በወጣበት ሰዓት ነው። ይህን ያህል ኩንታል ተሠራጨ፣ ይህን ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ይህን ያህል መረብ ታደለ እንላለን። ከዚያ በኋላ ማሳው ውስጥ፣ ተራራው ላይ፣ ሐይቁ ውስጥ የሆነውን የሚቆጥር ሰው ጥቂት ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አባባሎች እያነሣሁ የማውቀውን ልናገር።

«ገበሬው ማዳበሪያ በነፃ ነው የሚያገኘው»

ተረት። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የጤፍ ዋጋ ያስመረረው የከተማ ሰው ነው፤ ምሬቱ ይገባኛል። ነገር ግን ገበሬው ማዳበሪያ ይገዛል። አገራችን የምትጠቀምበት ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ ቀበሌው መሠረታዊ ማኅበር ይወርዳል። ገበሬው ከማኅበሩ መጋዘን በጥሬ ብር ወይም በብድር ይወስዳል፤ ብድሩን ለመመለስ ብዙዎች እህሉ ገና ከአውድማ ሳይነሣ፣ ገበያው በረከሰበት በጥርና በየካቲት ይሸጣሉ።

የድጎማው ታሪክም ከሚወራው ይለያል። የማዳበሪያ ድጎማ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተነሥቶ ለረጅም ዓመታት ገበሬው ዋጋውን ከነማጓጓዣው ሲከፍል ኖሯል። የዓለም ገበያ ዋጋ በናረበት በ2014 ዓ.ም. ነው መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መደጎሙን ያስታወቀው፤ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገም በኋላ ድጎማው ቀጥሏል። ድጎማ የዋጋውን አንድ ክፍል መሸከም ነው፤ ቀሪውን የሚሸከመው ባለማሳው ነው።

ሒሳቡን ካነሣን ደግሞ በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል። አዝመራው ከተነሣ በኋላ በጥርና በየካቲት አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦር ይደፍናል፣ ድንጋይ ይሸከማል። ይህ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ለአብዛኛው ገበሬ የቀን ክፍያ የማይታሰብበት ሥራ ነው። እናቴ እርከን ሠርታ ስትመለስ መዳፏ ተልጦ አይቻለሁ። ያ ጉልበት በየትኛውም የበጀት መዝገብ «የገበሬው ድጋፍ ለመንግሥት» ተብሎ ተጽፎ አላየሁም።

ይልቅ ልንነጋገርበት የሚገባው ስለ ጊዜው ነው። ዩሪያ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ይጨመራል፤ ትንሽ ቢዘገይ ይታገሣል። ዳፕ፣ አሁን ደግሞ በቦታው የገባው ኤንፒኤስ፣ ከዘሩ ጋር መግባት አለበት፤ ውስጡ ያለው ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከተቀመጠበት እምብዛም አይንቀሳቀስምና ሥሩ አጠገብ ካልተገኘ ለሥሩ የለም። በቆሎው ከተዘራ በኋላ የደረሰ ኤንፒኤስ በሪፖርት «ተሠራጭቷል» ይባላል። ለዚያ ዓመት በቆሎ ግን አልደረሰም።

«ማዳበሪያ መሬቱን ሱስ አስይዞታል»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ገበሬ ሲናገረው ስለሰማሁትና በንቀት ሲታለፍ ስላየሁ።

በጎጃም፣ በአዊ፣ በወለጋ፣ በሌሎችም ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋዎች ሽማግሌዎችን ብትጠይቁ አንድ ዓይነት ነገር ይነግሯችኋል። «ድሮ ያለ ማዳበሪያ ገብስ እንሰበስብ ነበር። ከዚያ አንድ ኩንታል ጠየቀን፤ ከዚያ ሁለት። ዛሬ ሁለትም ብናደርግበት ቢጫ ሆኖ ይቀራል።» ያዩት ነገር እውነት ነው። ምክንያቱ ግን መሬቱ ማዳበሪያ ስለለመደ አይመስልም፤ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ነው።

ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስዳል። ገለባውን ከብቶቹ ይበሉታል፤ ኩበቱ ማገዶ ይሆናል፤ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። አፈሩ እየኮመጠጠ ሲሄድ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል። የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ አልሙኒየሙና ብረቱ ፎስፈረሱን ጠፍረው ይይዙታል። ገበሬው በብድር ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ ትልቁ ክፍል ለሰብሉ ሳይደርስ በአፈሩ ይታሰራል ማለት ነው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

ታዲያ ለምን ሙሉ በሙሉ ተረት አላልሁትም? ዩሪያና ዳፕ ራሳቸው ከዓመት ዓመት ሲደጋገሙ አፈሩን ወደ አሲዳማነት ይገፋሉ። ሽማግሌው በማዳበሪያው ላይ የጣለው ጥርጣሬ መሠረት አለው። ለብዙ ዓመታት ደግሞ ምክሩ ለሁሉም አንድ ነበር፦ ደጋ ይሁን ቆላ፣ ቀይ አፈር ይሁን መረሬ፣ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ።

አባቶቻችን መላውን ያለ ቤተ ሙከራ ፈልገውት ነበር። በሸዋ ደጋ ጓይ ይሠሩ ነበር፤ አፈሩን ከሥራሥሩ ጋር ከምረው ያቃጥሉትና በዚያ ላይ ገብስ ይዘራሉ። ለአንድ ሁለት ዓመት ይሠራል፣ የአፈሩን ለምነት ግን አብሮ ያቃጥላል። በጎጃምና በአዊ ሌላው ሰብል እምቢ ባለበት ማሳ ጊብጦ ይዘራል፤ ጊብጦ እንዲህ ያለውን አፈር ይችላል።

የዘመኑ መድኃኒት ኖራ ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በማሳው ላይ ተበትኖ፣ ከዘር ጊዜ አስቀድሞ ታርሶ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ አሲዱ ይለዝባል፣ ታስሮ የነበረውም ፎስፈረስ ይለቀቃል። መንግሥት ይህን አላወቀም ልንል አንችልም። የአገሪቱን አፈር ለምነት በካርታ የማስፈር ሥራ በ2004 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ለሁሉም አንድ የነበረው ምክር የተቀየረውም ከእርሱ በተገኘው ዕውቀት ነው። እንደ ደጀን ባሉ ቦታዎች የኖራ መፍጫዎች ቆመዋል። ሆኖም ወደ ማሳ የሚደርሰው ኖራ ከሚያስፈልገው ጋር አይቀራረብም።

ምክንያቱን ማሳው ጫፍ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ማዳበሪያ ጥቂት ኩንታል ነው፤ በአህያ ይደርሳል። የሚያስፈልገው ኖራ ግን እንደ አፈሩ ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ድንጋዩ ርካሽ ነው፤ መኪናው ነው ውዱ። ከመኪና መንገድ ወዲያ ያለውን ደግሞ ማን ይሸከመዋል? ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳስበኛል። ኖራ የሚከፍለው በበርካታ ዓመታት ነው። ማሳውን በእኩል የሚያርስ ወጣት ለሚቀጥለው ዓመት እንኳ ዋስትና በሌለው መሬት ላይ 30 ኩንታል ድንጋይ አይበትንም። ባለመሬቷም፣ ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም አቅም ያጣች እናት፣ መክፈል አትችልም።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ አፈሩ በኮመጠጠበት ወረዳ የማዳበሪያ ድጎማ ከኖራ ማጓጓዣ ተነጥሎ መታሰብ የለበትም። ለማዳበሪያው የተከፈለው ገንዘብ አንድ ክፍል ለኖራው መኪና ቢዞር ያው ማዳበሪያ ራሱ የተሻለ ያፈራ ነበር።

«የልማት ሠራተኛው ምክር አይጠቅምም»

ባመዛኙ ተረት። በአንድ ቀበሌ ሦስት የልማት ሠራተኞች፣ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት፣ እንዲመደቡ የተደረገበት አሠራር በአፍሪካ ከሚገኙት ሰፊ የግብርና ኤክስቴንሽን መረቦች አንዱን ፈጥሯል። በመስመር መዝራት፣ የተሻሻለ በቆሎና ስንዴ በዚህ መንገድ ነው ጎጆ ድረስ የገቡት። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ገበሬው በ8028 ደውሎ በቋንቋው ምክር መስማት ይችላል። ቅሬታው የመጣው ከሌላ በኩል ነው፦ ያው ሰው ብድር አስመላሽ፣ ስብሰባ ጠሪና ኮታ አስፈጻሚ ሆኖ እንዲሠራ ተደርጓል። ዕዳ ሊጠይቅህ የመጣን ሰው ስለ በሽታ አታማክረውም። ዕውቀት ያለው ወጣት ታምኖ እንዲያስተምር ከተፈለገ እነዚህ ሥራዎች ከጫንቃው መውረድ አለባቸው።

«ዕድገት የሚመጣው ሰፊ መሬት ለትልቅ ባለሀብት ሲሰጥ ነው»

ለዚህ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ፤ ሁለቱም በአንድ መንግሥት ዘመን የሆኑ ናቸው።

በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት በውል ወሰደ። ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። መሬቱ ከወደብ እጅግ ሩቅ ነው፤ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ያጥለቀለቀበት ጊዜም ነበር። በታኅሣሥ 2008 መንግሥት ውሉን ሲሰርዝ የለማው መሬት 1,200 ሄክታር ገደማ ብቻ መሆኑን ገለጸ። በዚያ መሬት ላይ ከብት የሚያግዱና ጫካውን የሚጠቀሙ ሰዎች እንደነበሩ ማንም መዘንጋት የለበትም።

በሌላ በኩል አበባ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ለአበባ አምራቾች መሬት ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ በማይርቁ ቦታዎች አዘጋጀ፤ የልማት ባንክ ብድር ሰጠ፤ የግብር እፎይታ ተፈቀደ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጭነቱን አነሣ። ችግር በተፈጠረ ቁጥር አምራቾቹና ባለሥልጣናቱ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛ አበባ ላኪ ሆነች። እርሻዎቹ የሚያርፉበት መሬት ከጋምቤላው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ውኃና በሠራተኞቹ ጤና ላይ የሚነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አልሸሸውም። እንደ ድጋፍ ግን ምን ጎድሎ እንደነበር ታውቆ የጎደለው የተሞላበት ሥራ ነበር።

አብዛኛው የአገራችን እህል ዛሬም የሚመጣው ከሁለት ሄክታር በታች ከሚያርሱ ቤተሰቦች ነው። ለእነዚህ ሰዎች በግንቦት 2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመሬት የመጠቀም መብታቸውን አስይዘው መበደር እንዲችሉ ፈቅዷል። ከ100,000 ሄክታሩ ይልቅ ይህ አዋጅ ወረዳ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ብንከታተል ይሻለናል።

«ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር»

በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በንግግር ተደግሟል፣ በመጽሐፍ ታትሟል። ቁጥሩን ልክ ነው ለማለት የሚያበቃ የመስክ ልኬት ግን የለም።

አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ይህ ቁጥር ከሪፖርት ወደ ሪፖርት እየተገለበጠ እንዴት እውነት እንደመሰለ አሳይቷል። የድሮ መንገደኞች የጻፉትንና አንኮበርን የመሳሰሉ ቦታዎችን ታሪክ ሲመረምር ያገኘው ሰሜኑና መካከለኛው ደጋ ከጥንት ጀምሮ በበሬ የሚታረስ፣ ዛፍ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያና በገደል የቀረበት ምድር እንደነበር ነው። እኛም በራሳችን ታሪክ ምልክቱን እናውቀዋለን። ምኒልክ አዲስ አበባን ሲቆረቁሩ ከተማዋ በማገዶ እጦት ተቸግራ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፤ ያዳናት በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህን ስል ደን አልተመነጠረም እያልሁ አይደለም። በካፋ፣ በሸካ፣ በኢሉ አባቦር፣ በባሌ ሐረና የተፈጥሮ ደን በዘመናችን ለሰፈራ፣ ለእርሻ፣ ለሻይና ለቡና ልማት ሲጨፈጨፍ አይተናል። የደኑ ኪሳራ በእውነት የሚያምመው እዚያ ነው። የ40 በመቶው ተረት ዓይናችንን ወደ ሰሜኑ የተራቆተ ተራራ ስለሚስብ በደቡብ ምዕራቡ ገና የቆመውን እንድንረሳ ያደርገናል።

በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ተረት ተወልዷል፦ ሽፋኑ ከ3 በመቶ ወደ 15.5 በመቶ «አደገ» የሚል። በ2007 ዓ.ም. የተለወጠው መለኪያው ነው። ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ ጥላቸውም ከመሬቱ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሸፍን ከሆነ ደን ነው ተባለ፤ ቀርከሃም ገባ። በአዲሱ ትርጓሜ የቆላው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አብሮ ተቆጠረና 15.5 በመቶ ሆነ። ትርጓሜው ስህተት የለበትም፤ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ መሥመር አስቀምጦ ዕድገት ማለት ነው ስህተቱ።

«ደን የሚለማው ችግኝ በብዛት ሲተከል ነው»

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ከተማው ሁሉ ጉድጓድ ሲቆፍር ውሎ ነበር። እኔም ቆፍሬያለሁ፤ ደስታውም አልወጣልኝም። ሕዝብ በአንድነት ለዛፍ መውጣቱን የማቃልል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የሐምሌ ችግኝ የሚፈተነው በጥርና በየካቲት ነው፤ ምድሩ ሲደርቅ፣ ከብቱ ሲለቀቅ፣ ካሜራው ሲሄድ። መቆጠር ያለበትም ያኔ ነው።

በወላይታ ሁምቦ የሆነው ደግሞ ከዚህም ያልፋል። 2,728 ሄክታር የሚሆነውን የተራቆተ ተራራ አብዛኛውን ክፍል ያለበሰው አዲስ ችግኝ አልነበረም፤ ከመሬት በታች በሕይወት የቆዩት የድሮ ዛፎች ጉቶና ሥር ናቸው። ሰዎቹ ከብት ከለከሉ፣ ከየጉቶው የሚወጣውን ቀንበጥ እየመረጡ ገረዙ፣ የተሻለውን አሳደጉ። በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን የመጠቀም መብት በሕግ አገኙ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ተመዘገበና የዓለም ባንክ ፈንድ ካርቦኑን ገዛቸው። በዚህ ውስጥ የመንግሥት ትልቁ ድጋፍ መብቱን በወረቀት አረጋግጦ መስጠቱ ነበር።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ከበደ? «ተክዬ ላሳድገው፣ ነገ የመንግሥት ነው ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በደርግ ዘመን መሬትም ደንም የመንግሥት ሆነ፤ ገበሬው በግዳጅ የተከለው ዛፍ የእርሱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበርና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ቦታ መጥረቢያ አነሣበት። ዛሬ ግን ሕጉ ሌላ ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደን ብሎ አራቱንም ያውቃል፤ ለሚያለሙትም የግብር ማበረታቻ አስቀምጧል። በየቀበሌው ይህን የሚያውቅ ገበሬ ስንት ነው? ለችግኝ ማጓጓዣ ከሚወጣው ላይ ጥቂቱ ይህን አዋጅ በየአጥቢያው ለማስረዳት ቢውል ምኞቴ ነው።

ገበሬው የራሱ መሆኑን ሲያምን ምን እንደሚያደርግ አዊ ፋግታ ለኮማ ሄዳችሁ እዩ። አፈሩ ኮምጥጦ ምርት እምቢ ሲል ገበሬዎቹ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣር ያጭዱበታል፤ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ከሰል ያከስላሉ፤ ከዚያ እንደገና ይተክላሉ። ችግኙን የሚያፈሉትም ራሳቸው ናቸው። ወጣቱ ሥራ አገኘ፣ ቆርቆሮ ቤት በዛ፣ ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚይዝ የደከመው መሬት አገገመ። የደን ሽፋኑ ያለ ዘመቻ ጨመረ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የዋግ በሽታ ዲከረንሱን መታው፤ ማሳው በሙሉ ደርቆ የቀረባቸው አሉ። አንድ ዛፍ ብቻ የሸፈነው አገር በአንድ በሽታ ይወድቃል። በሽታውን መለየት፣ የሚቋቋም ዘር ማምጣት፣ ተቀያያሪ ዛፍ መምከር የአንድ ገበሬ አቅም አይችለውም። መንግሥት በጣም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር።

«ባሕር የሌለው አገር ምን ዓሣ አለው?»

ተረት፤ ብዙ አያቆየንም። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ አሉ፤ ተከዜና ቆቃን የመሳሰሉ ግድቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የአገሪቱ ውኆች በዓመት 94,500 ቶን ገደማ ዓሣ ሊሰጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓሣ ጫጩት የሚያባዛና የሚመራመር ማዕከል ሰበታ ላይ አለ፤ በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ዓሣን ከዶሮ፣ ከወተትና ከማር ጋር አስገብቷል። በኩሬ ዓሣ የጀመሩትን ብትጠይቋቸው የሚነግሯችሁ ስለ መኖ ነው። ጫጩቱን ተቀብለው የሚያበሉት አጥተው ኩሬውን የተዉ አሉ።

«ዓሣ አስጋሪን መደገፍ ማለት ጀልባና መረብ መስጠት ነው»

ይህኛው ተረት ነው የሚያሳዝነኝ፣ በበጎ ሐሳብ የተደረገ ስለሆነ።

ጣና ላይ ለዘመናት የሚጠመደው በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ሳይርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የውጭ ዕርዳታ ያለበት ፕሮጀክት ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረብ አመጣ። ዓላማው ምርት ማሳደግ፣ ድሃውን ማብላት ነበር፤ መጀመሪያ ላይም ሰመረ። ወጣቶች ተደራጁ፣ ዓሣው አዲስ አበባ ድረስ ተጫነ፣ በዐቢይ ጾም ገበያው ደራ። ሪፖርቱ ቢጻፍ ቁጥሩ ሁሉ ወደ ላይ ነበር።

ከውኃው በታች የሆነው ግን ሌላ ነው። በጣና የሚጠመዱት ዓሦች በአስተዳደጋቸው አንድ አይደሉም። ቆሮሶ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ቶሎም ይተካል። አስጋሪዎቹ ነጭ ዓሣ የሚሉት የላቢዮባርበስ ወገን ጠባዩ የተለየ ነው። አብዛኞቹ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ገደማ ዝርያዎች አሉት፤ የፊሊፒንሱ የላናኦ ሐይቅ ዓሦች ካለቁ ወዲህ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የትላልቅ ዓሦች ቤተሰብ ሳይበተን የቀረው ጣና ውስጥ ብቻ ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመራባት ክረምት ላይ ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። መረቡ የሚዘረጋውም በብዛት ስለሚያዙ እዚያው ነው።

በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ የነጭ ዓሣው ክምችት በክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን በሐይቁ ላይ የተሠራ ጥናት አሳየ። ጫጩቶቹ ከዚያም በባሰ ቀነሱ። የተያዘው ዓሣ የዓመቱ ምርት ብቻ አልነበረም፤ ሆዱ ውስጥ የሚቀጥለው ዓመት ነበረ።

ከዚያ ወዲህ መከራው ተደራረበ። ከሕግ ውጪ የሚገባው፣ በውኃ ውስጥ የማይታየው የሞኖፊላመንት መረብ ትንሹንም ትልቁንም ይጠርጋል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ዳር ዳሩን ሸፈነው፤ አስጋሪው ጀልባውን ማስገቢያ አጣ። በየወንዙ አሸዋ ይዛቃል፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው በጠጠሩ ላይ ነው። ለገበሬው ትልቅ ተስፋ የሆኑት የመስኖ ግድቦችና ክትሮችም ወንዙን ሲዘጉ የዓሣውን መንገድ አብረው ዘጉ። የርብ መስኖ ለፎገራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሩዝና ሽንኩርት፣ በበጋ የሚታረስ ማሳ ነው። ግን የእርሻ ክፍሉ ግድቡን ሲያቅድ የዓሣው ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ለዓሣው መውጫ ማሰብ ይቻል ነበር። ለአንዱ ዘርፍ የተሰጠው ድጋፍ ሌላውን ዘርፍ ሲጎዳ የሚመዘግብ ክፍል የለንም።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ፈቃድን፣ የመረብ ዓይነትን፣ ተቆጣጣሪንም ይመለከታል። ሕግ አልጎደለም። የጎደለው ተቆጣጣሪው የሚሳፈርበት ጀልባና ነዳጅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእነዚያ ወራት አስጋሪው ልጆቹን የሚያበላበት ነገር ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ አታጥምድ ለማለት በእነዚያ ሦስት ወራት ምን ይብላ የሚለውን መመለስ ግድ ይላል። በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ገበሬው በደረቁ ወራት እርከን ሠርቶ የሚከፈለው ከሆነ፣ አስጋሪው በክረምት የወንዝ አፍ ጠብቆ፣ እምቦጭ ነቅሎ፣ ሕገወጥ መረብ ሰብስቦ የማይከፈልበት ምክንያት አይታየኝም። ከአዲስ ሞተርና ከአዲስ መረብ የሚበልጥ ወጪም አይመስለኝም። ከአስጋሪ ማኅበር ጋር በሚደረገው ስብሰባ ግን አሁንም የሚጠየቀውና የሚታደለው መረብ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ጉማራ ይደፈርሳል። ነጩ ዓሣ እንቁላሉን ይዞ ከሐይቁ ይመጣና ወንዙ አፍ ላይ ይቆማል፤ ውኃው እስኪሞላለት ይጠብቃል። መረቡም ከእርሱ ቀድሞ እዚያው ተዘርግቷል።